በጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የድምፅና የብርሃን ትርኢት ማዘጋጀት፦ ከመጀመሪያው ጉብኝት እስከ መጨረሻው ኬብል

የድምፅና የብርሃን ትርኢት የተወለደው ከቤት ውጭ ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ፈረንሳይ ውስጥ የሻምቦር ቤተ መንግሥት ኃላፊ የነበረው ፖል ሮቤር ኡደን የሕንፃውን ፊት በመብራት እየገለጠ ታሪኩን በድምፅ አስነገረ። ዛሬ ይኸው ጥበብ በሩን አልፎ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሞመንት ፋክትሪ የተባለው ስቱዲዮ በሞንትሪያል ኖትር ዳም ባሲሊካ ውስጥ በ2017 የጀመረው «ኦራ» በዚህ ረገድ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው።

ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ሥራው ሌላ ሥራ ይሆናል። ውጭ ተመልካቹ ግድግዳውን ያያል፤ ውስጥ ግድግዳው ተመልካቹን ይከብበዋል። ውጭ የወጣ ድምፅ ሄዶ ይቀራል፤ ውስጥ ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተመ ለብዙ ሰከንዶች ይቆያል። የግድግዳ ሥዕሉ፣ የወርቅ ቅቡና የተቀረጸው እንጨት መሣሪያችሁ ከሚቆምበት ጥቂት ሜትር ብቻ ይርቃሉ። ትርኢቱ ባለቀ ማግስት ደግሞ ሰው እዚያው ተንበርክኮ ይጸልያል።

ይህን የምጽፈው ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያስብ ቡድን ነው። ከሁሉም በላይ አንድ ነገር እንዲያዝልኝ እፈልጋለሁ፦ በዚህ ትርኢት ውስጥ ዋናው ተዋናይ ሕንፃው ነው። ስለዚህ ከምናበራው ይልቅ ጨለማ የምንተወው፣ ከምናሰማው ይልቅ ዝም የምንልበት ቦታ ብዙ ማሰብን ይጠይቃል።

ደረጃ 1፦ ፈቃዱን ከሁለት በር ጠይቁ

አንደኛው በር የአምልኮው ባለቤት፣ ሁለተኛው የቅርስ ጥበቃው አካል ነው። የአንዱ እሺታ የሌላውን አይተካም።

በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የቀኖና ሕጉ ቁጥር 1210 በተቀደሰ ቦታ የሚፈቀደው አምልኮን፣ መንፈሳዊነትንና ሃይማኖትን የሚያገለግል ነገር ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ከዚያ ውጭ ላለ ነገር ሥልጣን ያለው የቤተ ክርስቲያኑ አለቃ የቦታውን ቅድስና እስካልተቃረነ ድረስ ለእያንዳንዱ ጉዳይ ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል። በ1987 ቫቲካን በቤተ ክርስቲያን ስለሚደረጉ የሙዚቃ ዝግጅቶች ያወጣችው ሰነድ ደግሞ ጥያቄው አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲቀርብ፣ መግቢያው በነፃ እንዲሆን፣ ቅዱስ ቁርባኑም በተቻለ መጠን ወደ ሌላ ክቡር ቦታ እንዲዛወር ይጠይቃል። ትኬት ልትሸጡ ካሰባችሁ ይህን ነጥብ በመጀመሪያው ስብሰባ አንሱት፤ በኋላ ሲነሳ ሥራውን ሙሉ ሊያስቆም ይችላል። በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በሕንፃው ላይ የሚደረግ ለውጥ «ፋኩልቲ» በተባለ የቤተ ክህነት ፈቃድ ሥር ያልፋል። ሌላው ቤተ እምነት ሁሉ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ሥርዓቱን ከአስተዳዳሪው አፍ ስሙ።

በቅርስ ጥበቃ በኩል ብዙዎች የሚነሡት ስለ ቅርስ ጥበቃና ጥገና ከወጣው ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ ከ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር ነው። አንቀጽ 5 ቅርስን ለማኅበረሰብ ጥቅም ማዋል ለጥበቃውም እንደሚረዳ ካለ በኋላ፣ አጠቃቀሙ የሕንፃውን አቀማመጥና ጌጥ መለወጥ እንደሌለበት ያስጠነቅቃል። በሥራ ቋንቋ ሲተረጎም ምስማር የለም፣ ቀዳዳ የለም፣ ማጣበቂያ የለም ማለት ነው።

ስምምነቱን ጻፉት። ብርሃን የማያርፍባቸው ቦታዎች፣ መሣሪያ የማይቆምባቸው ቦታዎች፣ ትርኢት የማይኖርባቸው ቀናት፣ ድንገት ቀብር ቢመጣ ምን እንደሚደረግ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆን። ከቤተ ክርስቲያኑ በኩልም ትርኢቱን በማንኛውም ሰዓት «ይቁም» ማለት የሚችል አንድ ሰው በስም ይጻፍ።

አንድ ጊዜ አስተዳዳሪው «መንበሩ ላይ ምንም እንዳታበሩ» አሉን። እኔ የትርኢቱን ፍጻሜ የሠራሁት መንበሩ ላይ ስለነበር ሌሊቱን ሙሉ ከፋኝ። በማግስቱ ዙሪያውን ብቻ አብርተን እሱን በጨለማ ስንተወው፣ የሙከራው ተመልካች ሁሉ ዓይኑን የተከለው እዚያ ጨለማ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ «አይሆንም» ሲሉኝ ቶሎ አልከራከርም።

ደረጃ 2፦ መሣሪያ ሳትይዙ ተቀመጡ

ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሂዱ፤ አንዴ እኩለ ቀን፣ አንዴ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ አንዴ በድቅድቅ ጨለማ። በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጡ፤ ወንበርም ቀያይሩ። ምርጡን ቦታ ሳይሆን ከዓምድ ጀርባ ያለውን መጥፎውን ቦታ ፈልጉ፤ እዚያም የሚቀመጥ ሰው አለና።

በጨለማው ጉብኝት አንድ ጊዜ አጨብጭቡና ድምፁ እስኪሞት ድረስ ቁጠሩ። ከመግቢያው፣ ከመሐሉ፣ ከጎን ካሉት ክንፎች ደጋግሙት። ከተፈቀደላችሁ ፊኛ አፈንዱና በጥሩ መቅጃ ቅዱት፤ የሙዚቃ አቀናባሪው እቤቱ ሆኖ በቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ውስጥ እንዲሠራ የሚያስችለው ይህ ቅጂ ነው።

ከጠባቂው ጋር ጊዜ ውሰዱ። የትኛው መስኮት በነፋስ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ዝናብ ሲጥል ውኃ የሚገባው የት እንደሆነ፣ የትኛው በር በሙቀት አብጦ እንደሚይዝ፣ ጣሪያው ውስጥ የሌሊት ወፍ መኖሩን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የሌሊት ወፍ ነገር ቀልድ አይደለም፤ በብዙ አገሮች በሕግ የተጠበቀች እንስሳ ናት፣ ማደሪያዋ ላይ ብርሃን መልቀቅም ሊያስጠይቅ ይችላል።

ደረጃ 3፦ ሕንፃውን ለኩት፣ ያለበትንም ሁኔታ መዝግቡ

የቆየ ንድፍ ቢሰጧችሁ አመስግናችሁ ተቀበሉ፤ በእሱ ግን አትሥሩ። በጥንታዊ ሕንፃ ውስጥ ዓምዱ ያዘመመ፣ ቅስቱም ከአጠገቡ ካለው ቅስት ጋር እኩል ያልሆነ ነው። ምስሉን ከድንጋዩ ጠርዝ ጋር ለማጋጠም በሌዘር የተቀዳ ባለሦስት አውታር ቅጂ ያስፈልጋል። አቅሙ ከሌለ በመቶ የሚቆጠሩ ፎቶዎችን አጋጥሞ ሞዴል የሚሠራ ሶፍትዌር ብዙውን ሥራ ይሸፍናል። ቀያሾች የሚለጥፏቸውን ምልክቶች ግድግዳ ላይ አታስለጥፉ፤ በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ይቁሙ።

ቀጥሎ የግድግዳውን መልስ እዩ። ነጭ ወረቀት ከግድግዳው ፊት ሳያስነኩ ይዛችሁ በአንድ መብራት ሥር ፎቶ አንሱና አነጻጽሩ። አዲስ ነጭ ልስን ከሚያርፍበት ብርሃን 80 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፤ የጠቆረ ድንጋይ ግን ሩቡንም ላይመልስ ይችላል። ወርቅ ቅብ እንደ መስታወት እየመለሰ ዓይን ይወጋል። ባለቀለም መስኮት ሌላ ነገር ነው፦ ቀን ላይ የሕንፃው ጌጥ የሆነው መስታወት ማታ ከውስጥ ሲታይ ጥቁር ቀዳዳ ነው፤ ፕሮጀክተር ብትለቁበትም ብርሃኑ አልፎ ይሄዳል። እንዲታይ ከፈለጋችሁ መብራቱን ከውጭ አቁሙ። ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ለቆየ ሰው አንድ መስኮት ቀስ ብሎ ከውጭ ሲነጋበት ማየት፣ እኔ እስከማውቀው፣ ከየትኛውም ምስል ይበልጣል።

የቅርስ ጥገና ባለሙያ ይዛችሁ ስንጥቁን፣ የተላጠውን ቀለም፣ የላላውን ልስን አንድ በአንድ ፎቶ አንሱ፤ የቆማችሁበትን ነጥብም መዝግቡ። የሙቀትና የእርጥበት መመዝገቢያዎችን መሣሪያ ከመግባቱ ብዙ ወራት በፊት አስቀምጡ። ዓመት ሙሉ ቢቀዱ ይመረጣል፤ ሕንፃው በየወቅቱ ምን እንደለመደ ሳታውቁ ምን እንደለወጣችሁበት ልታውቁ አትችሉምና።

ደረጃ 4፦ ታሪኩን ከድንጋዩ አውጡ

ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃል። «ኦራ» ለሁለት የተከፈለ ነው፤ መጀመሪያ ሰው በሕንፃው ውስጥ እየተዘዋወረ ሥዕልና ሐውልቱን በብርሃን ያያል፣ ከዚያ ተቀምጦ ዋናውን ትርኢት ይከታተላል። ይህን አካሄድ እወደዋለሁ፤ ዓይን ጨለማውን ይለምዳል፣ እግርም ስፋቱን ያውቃል።

ምን እናሳይ ለሚለው የማውቀው ጥሩ ምሳሌ ፈረንሳይ ያለው አሚየን ካቴድራል ነው። በ1990ዎቹ የምዕራብ በሮቹ ሐውልቶች በሌዘር ሲጸዱ የመካከለኛው ዘመን ቀለም ርዝራዥ ተገኘባቸው፤ ከዚያ በኋላ በተዘጋጀው ትርኢት ያ ቀለም በብርሃን ተመልሶ ሐውልቶቹ ላይ ያርፋል። ከውጭ የሚታይ ቢሆንም ትምህርቱ ለውስጥም ይሠራል፤ ብርሃኑ የጠፋ ነገርን መልሶ ያሳያል እንጂ ባዕድ ነገር አይደርብበትም።

እናንተም እንዲህ ፈልጉ። ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ዓመተ ምሕረት አለ? የቃጠሎ ጥቁረት? በኋላ የተደፈነ በር? ከሌላው የተለየ አንድ ዓምድ? እያንዳንዱ አንድ ትዕይንት ነው። ጣሪያውን በከዋክብት፣ ግድግዳውን በአበባ መሸፈን ቀላል ነው፤ ግን ያው ምስል የትም አዳራሽ ቢወጣ ያው ነው።

ትርኢቱን ስትጽፉ አራት ነገር ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው ደቂቃ ጨለማ ይሁን፤ ከዚያ አንድ ቀጭን የብርሃን መስመር የአንዱን ቅስት ጠርዝ ቀስ ብሎ ይከተል። ሙሉ ጣሪያውን ወደ ጎን ወይም በክብ አታስኪዱት፤ ተቀምጦ ቀና ያለ ሰው ራሱ የሚንቀሳቀስ ይመስለዋል፣ አንዳንዱንም ያቅለሸልሸዋል። ተራኪ ካለ ንግግሩ ይጠር። ከእያንዳንዱ ከፍ ያለ ሙዚቃ በኋላ ደግሞ ድምፁ በሕንፃው ውስጥ እየሳሳ እስኪጠፋ የሚበቃ ዝምታ ይተው፤ ያን ጊዜ የሚሰማው ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ ነው።

ደረጃ 5፦ ብርሃኑን አስልታችሁ ቁረጡ

ቀድሞ መጥኖ መደቆስ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። የፕሮጀክተር ኃይል በሉመን፣ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው በሉክስ ይለካል፤ ሉመኑን ምስሉ በሚሸፍነው ካሬ ሜትር ስታካፍሉ ሉክሱን ታገኛላችሁ። 20,000 ሉመን 200 ካሬ ሜትር ላይ ሲዘረጋ በሙሉ ነጭ ምስል 100 ሉክስ ነው። ድንጋዩ 30 በመቶውን ብቻ የሚመልስ ከሆነ ለዓይን የሚደርሰው ድምቀት በካሬ ሜትር ወደ 9.5 ካንዴላ ይወርዳል (100 ሲባዛ በ0.3፣ ሲካፈል በ3.14)። የሲኒማ ሸራ መለኪያ 48 ነው፤ ስለዚህ ያላችሁ አንድ አምስተኛው ነው።

ይህን ያየ ቡድን ብዙ ጊዜ ፕሮጀክተር ይጨምራል። እኔ የምመክረው ሌላውን ብርሃን መቀነስ ነው። የመንገድ መብራት የሚገባበትን መስኮት ሸፍኑ፤ የመሣሪያዎችን ጠቋሚ መብራቶች ጋርዱ። የሰው ዓይን በጨለማ ውስጥ በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ብዙ ይለወጣል፤ ሙሉ በሙሉ የሚለምደው ግን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ነው። ተመልካቹን በደብዛዛ መንገድ አስገብታችሁ ካቆያችሁት ያ 9.5 ካንዴላ ይበቃዋል፣ ይተርፈዋልም።

ሌንስ ለመምረጥ ርቀቱን በምስሉ ስፋት አካፍሉ፤ ከ18 ሜትር ላይ 12 ሜትር ስፋት ከፈለጋችሁ 1.5 የሆነ ሌንስ ነው። ወደ ጣሪያ የሚያይ ወይም በጎኑ የሚቆም ከሆነ ማሽኑ በዚያ አቋም መሥራት እንደሚችል መመሪያውን እዩ፤ አንዳንዱ በዚያ አቋም አየር ስለማይዘዋወርለት ይግላል። ዓምዶች ጥላ ስለሚጥሉ አንዱን ግድግዳ ከሁለት አቅጣጫ መሸፈን ግድ ይሆናል፤ ምስሎቹ የሚደራረቡበትም ከስፋቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይሁን። እዚህ ላይ ጀማሪ የሚሰናከልበት ነገር አለ፦ የፕሮጀክተር ጥቁር ጥቁር አይደለም። ምስሉ ጥቁር ሲሆን እንኳ ግራጫ ጭላንጭል ይወጣል፣ በተደራረበበት ቦታም ይደምቃል። ጨለማ በሚፈለግበት ቦታ ሁሉ ሹተሩ፣ ማለትም የፕሮጀክተሩን ብርሃን የሚጋርደው ክዳን፣ እንዲዘጋ በፕሮግራሙ ውስጥ አስገቡ።

አሁን ወደ ሥዕሎቹ። ብርሃን በቀለም ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የሚጠራቀም ነው፤ ደብዛዛ ብርሃን ለረጅም ጊዜና ኃይለኛ ብርሃን ለአጭር ጊዜ ውጤታቸው አንድ ይሆናል። ስለዚህ የሚቆጠረው ሉክስ ሲባዛ በሰዓት ነው። ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን በ2004 ባወጣው ሰነድ በጣም ስስ ለሆኑ ቁሶች፣ ለምሳሌ ለሐር፣ በዓመት 15,000 ሉክስ-ሰዓት፣ መካከለኛ ለሆኑት 150,000 ያስቀምጣል። የእናንተን አስሉት። ምስሉ በአማካይ የሙሉ ነጭ ሩብ ነው እንበል፤ 25 ሉክስ። 25 ደቂቃ፣ በምሽት 4 ጊዜ፣ በዓመት 200 ምሽት፦ 333 ሰዓት ገደማ፣ ወደ 8,300 ሉክስ-ሰዓት። ደህና ይመስላል። ግን ምስሎቹን ለማጋጠም 60 ሰዓት ሙሉ ነጭ አብርታችሁ ከሆነ 6,000 ተጨመረ፤ ለስስ ቁስ የተፈቀደው ድርሻ ሊያልቅ ነው፣ የቀኑ ብርሃን ገና ሳይቆጠር። በማስተካከያ ሌሊቶች «ሻይ ጠጥተን እንመለስ» ብሎ ነጩን ምስል ሥዕል ላይ ትቶ መውጣት የለም።

የሌዘርና የኤልኢዲ መብራት ከአልትራቫዮሌት ነፃ ነው ለማለት ይቻላል፤ የድሮ ሜታል ሃላይድ መብራቶችን ግን ያለ ማጣሪያ ወደ ሥዕል አታዙሩ።

ደረጃ 6፦ ለድንጋይ የሚሆን ድምፅ

ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ወደ ምስሉ ይሄድና ድምፁ በተረፈው ይሠራል። ሰው ግን የሚያለቅሰው በድምፁ ነው።

ድምፅ በሕንፃ ውስጥ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ለመገመት አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ዋላስ ሳቢን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያገኘው ቀመር ዛሬም ያገለግላል፦ 0.161 ሲባዛ በሕንፃው መጠን በኪዩቢክ ሜትር፣ ሲካፈል ድምፅ በሚውጠው ስፋት። 15,000 ኪዩቢክ ሜትር ያለው ቤተ ክርስቲያን 500 ካሬ ሜትር የሚውጥ ነገር ካለው 4.8 ሰከንድ ያስተጋባል። 400 ሰው ሲገባ እያንዳንዱ ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ቢውጥ ወደ 3.5 ሰከንድ ይወርዳል። በባዶ ቤት ያማረው ማስተካከያ በሞላ ቤት የሚደርቀው ለዚህ ነው፤ ሁለት ማስተካከያ አዘጋጁ።

አቀናባሪው በዚህ ውስጥ እንዲጽፍ አድርጉ። ፈጣን ከበሮ ጭቃ ይሆናል። ረጅም ድምፆች፣ የሰው ድምፅ፣ በዝግታ የሚለዋወጥ ቅንብር ግን ሕንፃው ራሱ ያሳድጋቸዋል። ኦርጋን ከተቀዳ ሙዚቃ ጋር በቀጥታ የሚጫወት ከሆነ ሙቀቱን ጠይቁ፤ የኦርጋን ቅኝት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ 3 ሴንት (ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው) ያህል ስለሚንቀሳቀስ በበጋ የተቀዳው በክረምት አይገጥምም።

ለንግግር ዋናው ነገር ስፒከሩ ለጆሮ መቅረቡ ነው። ከላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከተለመደ ስፒከር 7 ሜትር ገደማ ስትርቁ ከግድግዳ የሚመለሰው ድምፅ በቀጥታ ከሚመጣው ጋር ይስተካከላል፤ ከዚያ በኋላ ይበልጠዋል፣ ቃሉም ይሟሟል። ድምፁን ከፍ ማድረግ አይረዳም፤ ማስተጋባቱም አብሮ ከፍ ይላልና። መፍትሔው ብዙ ትንንሽ ስፒከሮችን በሰዎች አጠገብ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ወደ ሰው እንጂ ወደ ጣሪያ ሳያዩ መዘርጋት ነው። ቀጭን የዓምድ ስፒከሮች ለዚህ ጥሩ ናቸው፤ ዓይንም አይይዙም።

ስፒከሮች ሲበዙ ጊዜያቸው መስተካከል አለበት። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚሄድ ከፊት ካለው ስፒከር 30 ሜትር የራቀው በ87 ሚሊሰከንድ መዘግየት አለበት፤ ከ10 እስከ 15 ሚሊሰከንድ ብትጨምሩ አድማጩ ድምፁ ከፊት የመጣ ይመስለዋል። ከተራኪው ድምፅ ላይ ወፍራሙን የታችኛውን ክፍል ቁረጡ፤ ድንጋይ ቤት ውስጥ ረጅም የሚቆየው እሱ ነው።

ስለ ባስ አንድ ልምምድ አለ፤ አትዝለሉት። ከ20 እስከ 200 ኸርዝ ቀስ ብሎ የሚወጣ ድምፅ ልቀቁና ሰዎቻችሁ በየጥጉ ተበትነው ያዳምጡ። የሚንቀጠቀጥ መስታወት፣ የሚንኳኳ መቅረዝ፣ የሚረግፍ አቧራ ሁሉ ይጻፍ። ያንን ድግግሞሽ ከሙዚቃው ላይ ቀንሱ። የጀርመኑ ዲን 4150 ክፍል 3 መለኪያ በቀላሉ ለሚጎዱ ሕንፃዎች በዝቅተኛ ድግግሞሽ በሕንፃው መሠረት ላይ በሰከንድ 3 ሚሊሜትር የንዝረት ፍጥነት ያስቀምጣል፤ የላላ ልስን ካለ የጥገና ባለሙያው ከዚያም በታች ሊያወርደው ይችላል። ለጆሮም ወሰን አለው፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ለመዝናኛ ቦታዎች ያወጣው ጣሪያ በ15 ደቂቃ አማካይ 100 ዲሲቤል ነው። እዚህ ግን ወደዚያ መጠጋት አያስፈልግም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የድምፅ ባለሙያው ሌሊቱን ሙሉ ከሰማ በኋላ መጠኑን የሚወስነው ትኩስ ጆሮ ያለው ሌላ ሰው ይሁን።

ደረጃ 7፦ መሣሪያውን አቁሙ፣ ኤሌክትሪኩን ለዩ

20,000 ሉመን ያለው የሌዘር ፕሮጀክተር ወደ 2 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ስምንት ካላችሁ 16 ኪሎዋት ነው፤ ስፒከሩና መብራቱ ሲጨመር የቤተ ክርስቲያኑ የቆየ መስመር የሚችለው አይደለም። ከዋናው መግቢያ ራሱን የቻለ ጊዜያዊ ቦርድ በፈቃድ ባለው ኤሌክትሪሺያን ይሠራ፤ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ኃይሉን የሚያቋርጥ 30 ሚሊአምፔር መቁረጫም ይኑረው። ኬብል ምንጣፍ ሥር አይደበቅ።

ሁሉም ነገር በራሱ እግር ይቁም፤ ክብደት ያለው መሠረት፣ ከሥሩ ላስቲክና ሸክሙን የሚያሰፋ ጣውላ። ወለሉ ሥር መቃብር ወይም ምድር ቤት ሊኖር ስለሚችል የሚሸከመውን ክብደት መሐንዲስ ይወስን። ድንጋይ ላይ ፕላስተር አትለጥፉ፤ ሲነሣ የላላውን ገጽ ይዞ ይመጣል። የፕሮጀክተሩን ማራገቢያ ድምፅም አስቡበት፤ ያ በጥንቃቄ የተውነው ዝምታ ሲመጣ የሚሰማው እሱ ብቻ እንዳይሆን አየር የሚያስገባ ሳጥን ሥሩለት።

ጭስ ማሽን ይገባ ወይ? እኔ አላስገባም። የጨረሩ መንገድ እንዲታይ ብለው የሚነፉት ጉም መጨረሻው ሥዕሉ፣ ወርቁና የኦርጋኑ ቧንቧ ላይ ነው፤ የእሳት ማስጠንቀቂያውንም ማጥፋት ያስፈልገዋል። ያ ደግሞ ፈጽሞ የማይሆን ነው።

በእሳት ጉዳይ ሚያዝያ 2019 በፓሪስ ኖትር ዳም የሆነውን አስታውሱ። መጀመሪያ ማስጠንቀቂያው ሲጮኽ ጠባቂው የተላከው ወደ ተሳሳተው ጣሪያ ሥር ነበር፤ እሳቱ ያለበት እስኪታወቅ ግማሽ ሰዓት ገደማ አለፈ። እናንተም የእሳት ማስጠንቀቂያው ሰሌዳ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ የትኛውን ክፍል እንደሚል ሰዎቻችሁን አስጠኑ፤ በእግር ሄደው ይዩት። የእንጨት ጣሪያ ውስጥ ሙቀት ያለው መሣሪያ አይግባ። ከመጨረሻው ትርኢት በኋላም ኃይሉ ከዋናው ይቆረጥ፣ አንድ ሰው ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ይቆይ።

ደረጃ 8፦ ሌሊቶቹ

ምስልን ከድንጋይ ጋር ማጋጠም ጊዜ ይበላል፤ በሞዴሉ ላይ ፍጹም የሆነው በግድግዳው ላይ ሦስት ሴንቲሜትር ይስታል። ከሩቅ ማጉያ ይዞ የሚያይ አንድ ሰው፣ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ሰው ይሁኑ። መጀመሪያ ትልልቅ መስመሮችን፣ ከዚያ ቅስቶቹን፣ በመጨረሻ ሐውልቶቹን። ማሽኖቹ ከበሩ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አትጀምሩ፤ ሲሞቁ ምስሉ ጥቂት ይንቀሳቀሳል።

የመቆጣጠሪያውን ፕሮግራም ስትጽፉ አንድ ቁልፍ ከሁሉ በፊት ይሠራ፦ ሲጫን ድምፁን የሚያቆም፣ ምስሉን የሚያጠፋና የአዳራሹን መብራት የሚያበራ። በየምሽቱ በሩ ከመከፈቱ በፊት ሞክሩት።

ደረጃ 9፦ ሰው ሲገባ

በጨለማ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ሰው ማስተናገድ ከሁሉ የሚከብደኝ ክፍል ነው። የማምለጫ መንገድ መብራት አይጠፋም፤ የአውሮፓ መለኪያ በመንገዱ መሐል ቢያንስ 1 ሉክስ ይጠይቃል፣ ትርኢቱንም አይጎዳም። የደረጃ ጠርዞች ዝቅ ባለ መብራት ይታዩ። በሰከንድ ከ3 ጊዜ በላይ ብልጭ የሚል ብርሃን አታስገቡ፤ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አደጋ ነው። ሌዘር ካለ ጨረሩ ከሰው ዓይን በላይ እንዲያልፍ ባለሙያ ይለካው።

ትንፋሽም ይቆጠራል። ተቀምጦ ያለ ሰው በሰዓት 50 ግራም ገደማ እርጥበት ያወጣል። 300 ሰው ለ40 ደቂቃ ሲቀመጥ 10 ሊትር ውኃ ወደ አየሩ ገባ ማለት ነው፤ በምሽት አራት ጊዜ ከሆነ 40 ሊትር። ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ያ ውኃ ጤዛ ይሆናል። በትርኢቶቹ መሐል አየር የሚለወጥበት ጊዜ ይኑር፤ መመዝገቢያዎቹን ማታ ማታ እዩ፣ የጥገና ባለሙያው ካስቀመጠው ወሰን ካለፉም የሰዉን ቁጥር ቀንሱ። ገቢ ይቀንሳል፤ ይቀንስ።

ደረጃ 10፦ ስትወጡ

በየወሩ የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች ከዚያው ነጥብ፣ በዚያው መብራት ድገሟቸው። አዲስ ስንጥቅ ወይም የረገፈ ቀለም ከታየ ትርኢቱ ይቆማል፤ ምክንያቱ ከተገኘ በኋላ ይቀጥላል።

መሣሪያው ሁሉ ሲነሣ እናንተ ጋ የሚቀር አንድ ሀብት አለ፦ የሌዘር ቅጂው፣ የድምፅ ቅጂዎቹ፣ የእርጥበት መዝገቡና ፎቶዎቹ። የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሩ አንድሩ ታለን በ2010 የፓሪሱን ኖትር ዳም በሌዘር ቀድቶት ነበር፤ በ2013 ደግሞ የድምፅ ተመራማሪዎች የውስጡን አስተጋቦት ለክተው ነበር። ሕንፃው ሲቃጠል ሁለቱም ለጥገናው ሥራ መነሻ ሆኑ። ስለዚህ ፋይሎቹን ማንኛውም ሶፍትዌር በሚከፍተው ዓይነት አስቀምጡ፤ መቅጃውና ካሜራው የቆሙባቸውን ነጥቦች በወለሉ ንድፍ ላይ ምልክት አድርጉ፤ አንድ ቅጂ ለቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ቤት፣ አንድ ቅጂ ለቅርስ ጥበቃው አካል አስረክባችሁ አስፈርሙ።